የተቆለፈበት አገልጋይ

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው በወላይታ፣ በሁምቦ ወረዳ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከጠበላ ከተማ ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ማታ ማታ ራዲዮ መስማት የቆየ ልማዴ ነው። አንድ ቀን ማታ ከአንድ ገበሬ ጎረቤቴ ጋር በደጃፌ ተቀምጠን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች በዳጣ እየበላን ሳለን፣ ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ ርቀው ለሚኖሩ የገጠር ሰዎች ስለሚሰጠው አገልግሎት አንድ ዝግጅት በራዲዮ ይሰማ ጀመር። ተናጋሪው ድምፁ የጠራ፣ ንግግሩም የተዋበ ነበር። ሐኪም በሌለበት ሐኪም፣ መምህር በሌለበት መምህር ይሆናል እያለ ስለ መሣሪያው ብዙ ምስጋና ተናገረ። በየመካከሉም «ሩቅ ያሉ ወገኖቻችን» ይል ነበር።

ጎረቤቴ አማርኛ ይሰማል፤ ለመናገር ግን ወላይትኛ ይቀናዋል። ዝግጅቱ ባለቀ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ ሩቅ ያሉት የሚላቸው እነማን ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኛን ነዋ» አልሁት።

ጥቂት አሰበና፣ «ከማን ነው የራቅነው? እኔ እንኳ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም። ሩቅ የሚለው ቃል ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ የሚለካበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተናጋሪው በአዲስ አበባ ተቀምጦ ሲለካ ሁምቦ ሩቅ ናት፤ ጎረቤቴ ከእንሰት ተክሉ መካከል ቆሞ ሲለካ ግን ሩቁ ተናጋሪው ነው። አገልግሎት የሚለው ሁለተኛው ቃልም እንዲሁ መመርመር ይገባዋል። አገልጋይ ማለት ሲጠሩት የሚመጣ፣ የታዘዘውንም ሰምቶ የሚሠራ ነው። ሳይጠራ መጥቶ፣ ሳይጠይቅም የሚበጃችሁን እኔ ዐውቅላችኋለሁ የሚል ቢኖር፣ እርሱ ሞግዚት ይባላል። ሞግዚት ለሕፃን ይገባል፤ ለዐዋቂ ሰው ግን ውርደት ነው። እንግዲህ አንድ መሣሪያ ወደ ገጠር መጥቶ ላገልግላችሁ ቢል፣ አገልጋይ ይሁን ሞግዚት በምን እንለየዋለን? ይህን ጥያቄ ልጽፍበት ወደድሁ። ዳሩ ግን የራሴን ጥፋት ሳልናገር ብጽፍ ግብዝነት ስለሚሆንብኝ፣ እርሱንም ከመካከሉ አገባዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራዲዮ ጥቂት ልናገር። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በወላይታ ከነበሩት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። ያን ጊዜ ብሥራተ ወንጌል የተባለው፣ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የራዲዮ ጣቢያ ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ እስኪባል ድረስ፣ ከስብከቱ ጋር ስለ ጤናና ስለ እርሻም ያስተምር ነበር። የትምህርት ቤታችን አስተዳዳሪ ራዲዮናቸውን በመስኮት ላይ ያስቀምጡልናል፤ የሰፈሩም ሰው በሣሩ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ንግግሩ በአማርኛ ስለ ነበረ፣ እኛ ልጆች ለአዋቂዎቹ በወላይትኛ እናስተረጉም ነበር። በዚህም ሥራ እጅግ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ወባ ሲነገር፣ የቆመ ውሃ ይፈስስ ዘንድ ይገባል ተባለ። እኔም አስተረጐምሁ። አንዲት እናት፣ «የትኛውን ውሃ ነው የሚለው? ከብቶቻችን የሚጠጡትንም ነው? እስቲ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ሣጥኑ አይሰማም እኮ ብዬ ነገርኋቸው። ሴትዮዋም ተገርመው፣ «ካልሰማ ታዲያ ስለ ምን ይናገራል?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ሣር ላይ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠው የእርሳቸው ቃል ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ለዚያ ራዲዮ አንድ ነገር ልመሰክርለት ይገባኛል፤ ድምፁን ማንም ሊቆልፍበት አይችልም ነበር። በመስኮቱ ወጥቶ ለባለ ጫማውም ለባዶ እግሩም እኩል ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. ርእሰ መምህር በነበርሁበት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ዐሥር ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከበጎ አድራጊዎች ተሰጡን። ሞዴል 19 ተቈረጠ፤ ተረካቢ በሚለው ቦታ ላይ እኔ ፈረምሁ። የኮረንቲ መስመር ገና አልደረሰልንም ነበርና፣ ዕቃዎቹ ከነካርቶናቸው በአንድ ክፍል ተደረደሩ፤ በሩም በሁለት ቁልፍ ተቈለፈ፤ ሁለቱም ቁልፎች በኪሴ ሆኑ።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ፣ እርሱ በዚያ ክፍል መስኮት ስንጥቅ ዓይኑን አስጠግቶ ይቆም ነበር። አንድ ቀን ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ አንዱን ብቻ ከካርቶኑ አውጥተው ያሳዩን፤ አንነካውም» አለኝ። «ኮረንቲ ሲገባ» ብዬ መለስሁት። በ2004 ዓ.ም. ኮረንቲ ገባ። ያን ጊዜ ደግሞ ባለሙያ እስኪመደብ ይቆይ አልሁ። ባለሙያ ሳይመደብ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ክፍሉ ሲከፈት፣ አይጦች ካርቶኖቹን በልተው፣ በገመዶቹም መካከል ጎጆ ሠርተው አገኘናቸው። ከዐሥሩ የበሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ልጁ ግን ከዚያ በፊት፣ ብዙዎቹ የወላይታ ልጆች እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ጫማ ሊጠርግ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር።

ክፉ ሰው ስለ ሆንሁ አይደለም የቈለፍሁት። አንዱ ቢጠፋ ከደመወዜ እንደሚቈረጥ ዐውቃለሁ፤ የመንግሥት ንብረት ተረክቦ ያጐደለ መምህር ምን እንደሚደርስበትም አይቻለሁ። ይህ ፍርሃት ምክንያት የለውም አልልም። ነገር ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። እርሱም «ይሰብሩታል» የሚለው ሐሳብ ነው። ዕቃው የተሰጠው ለእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ዕቃውን ከእነርሱ እጠብቅ ነበር። እርሳስ የሰበረ ልጅ ሌላ እርሳስ ይሰጠዋል እንጂ ሁለተኛ አትጽፍም አይባልም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ጌታውን ፈርቶ መክሊቱን በመሬት ውስጥ ስለ ቀበረው ባሪያ የሚናገረውን ምሳሌ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ መምህር ከሆንሁ በኋላም ለልጆች ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ባሪያው እኔ እንደ ሆንሁ ግን ቁልፎቹ በኪሴ ሲንቀጫቀጩ እንኳ አልታወቀኝም ነበር።

ከእኔ ሥራ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን አንድ ነገር በዚያው ዘመን በአገራችን ተደርጓል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር በሚል ዓላማ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ያቋቋሙት ድርጅት፣ በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ወደሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ወደሌላቸው ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ላከ። በየመንደሩ ያሉት ልጆች ሃያ ያህል ነበሩ። ታብሌቶቹ በታሸገ ሣጥን ተሰጡ፤ አስተማሪም አልተመደበም፤ መመሪያም አልተነገረም። ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአንድ ጉባኤ ላይ እንደ ተናገሩት፣ ልጆቹ በሣጥኖቹ ይጫወታሉ ብለው ገምተው ነበር። ነገር ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይነካካ ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ነበር። አምስት ወር ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ እንዳይነካ ብለው የዘጉትን ነገር ሁሉ ጥሰው፣ የተዘጋውንም የፎቶግራፍ ካሜራ ከፈቱት።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በመጀመሪያ ተቈጣሁ። «ያለ መምህር!» አልሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም። ፊደልን በዜማ መውጣት ማንበብ አይደለም፤ አምስት ወርም ለፍርድ አጭር ነው። ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ። ልጆቹ የነኩት ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ ይመዘገብ ነበር፤ መዝገቡም በየሳምንቱ እየተወሰደ ለምርምር ይላክ ነበር። ሕፃን ልጅ በሩቅ ሰዎች ሲመረመር፣ እርሱ ግን መርማሪዎቹን ሊጠይቅ አለመቻሉ ሕሊናዬን ይቈረቍረዋል። በዚህ በኩል የዚያች እናት ጥያቄ እንደገና ይመጣል። ነገር ግን ቍጣዬ ሲበርድ አንድ እውነት ቀረ። እነዚያ ሰዎች በልጁ አምነው ሣጥኑን በእጁ አኖሩ፤ እኔ፣ ወገኑና መምህሩ ነኝ የምለው፣ አላመንሁትም።

የመሣሪያና የመንደር ነገር ሲነሣ፣ ስለ ሁምቦ ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ። የሁምቦ ተራራ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ አልቆ፣ በክረምት ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ይወርድ እንደ ነበር የእኔ ዕድሜ ያላቸው ሁሉ ያውቃሉ። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም ተደረገ። በመጀመሪያ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብሎ የሠጋ ብዙ ነበር፤ ብዙ ምክክርም ጠየቀ። በመጨረሻ ሕዝቡ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን በእጁ ያዘ። ዘዴው እጅግ ቀላል ነው። ተራራው ራቁቱን ይመስል እንጂ፣ የተቈረጡት ዛፎች ሥራቸው በመሬት ውስጥ ሕያው ነበር። ስለዚህ በአብዛኛው ከውጭ ችግኝ አላመጡም፤ ጉቶውን ከከብትና ከመጥረቢያ ጠበቁት፤ ሲያቈጠቍጥም ጠንካራውን ቅርንጫፍ ትተው የቀረውን ገረዙት። ዛሬ ያን ተራራ አረንጓዴ ሆኖ የሚያየው እንግዳ፣ ሁሉም ጉቶ እንደ ነበረ ቢነግሩት አያምንም።

ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዐት ተመዘገበ፤ ዛፎቹ ከአየር ላይ የሚወስዱት ካርቦን በቶን ተሰልቶ፣ ከእርሱ 165,000 ቶን የሚሆነውን በዓለም ባንክ የሚተዳደር አንድ ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ገንዘቡም ለማኅበራቱ የሚደርስ ሆነ። ይህ መልካም ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ዓመቱን ልብ በሉ። የሁምቦ ዛፍ ተቈጥሮ በዋሽንግተን ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ፣ የሁምቦ ልጅ በእኔ ትእዛዝ በመስኮት ስንጥቅ ያይ ነበር። ዛፉ ከልጁ ቀደመ።

ስለ መስማት የጀመርሁትን ልፈጽም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ሲገባ፣ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከብዙ ገጠር ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተሰማው ቅሬታ፣ መምህሩ በመስተዋቱ ውስጥ ሆኖ ይቸኩላል፤ እጅ ብናወጣም አያይም የሚል ነበር። ይህም ያው የራዲዮው ሣጥን ነው፤ መልክ ብቻ ተጨመረለት። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ከዚህ ይሻላል እላለሁ፤ ገበሬው በፈለገው ሰዓት ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ ማንበብ ባይችልም ስለ ሰብሉ ምክር ይሰማልና። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር የጀመረው። ከዚህ ስልክ በስተኋላ የሚሠራው ኮምፒዩተር እንደ ሆነ ብዙው ሰው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን የሌላ አገር ነገር ነው። በስሪ ላንካ ተራራማ አገር ኮትማሌ የምትባል ስፍራ፣ የመንደር ራዲዮ ጣቢያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ገደማ በዩኔስኮ ርዳታ ኢንተርኔት ገባላት። በየቤቱ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ኢንተርኔቱም የሚናገረው ይበልጡን በእንግሊዝኛ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ሕዝቡ ሊያውቅ የሚወደውን ነገር በደብዳቤ ጽፎ ወደ ጣቢያው ይልክ ነበር። አዘጋጆቹ ጥያቄውን ይዘው በኮምፒዩተር ይፈልጉ ነበር፤ ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ወይም ሌላ ዐዋቂ ካለም ወደ ስቱዲዮ ይጠሩ ነበር፤ ከዚያም ያገኙትን በራዲዮ፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ እያስረዱ ይመልሱ ነበር። አንድ ሰው የጠየቀውን መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያች እናት በሣሩ ላይ ተቀምጠው ታዩኝ። በዚያ ስፍራ ቢሆኑ ኖሮ የትኛው ውሃ እንደ ሆነ ይነገራቸው ነበር። ዛሬ በሶዶ ከተማ በወላይትኛ የሚያሰራጭ ራዲዮ አለን፤ ኮምፒዩተርም አለ፤ የሚጠይቅ ሰውም ሞልቷል። ጎረቤቴ እንኳ እንሰቱን ስለሚያጠወልግበት በሽታ የሚጠይቀው ጥያቄ ለአንድ ሙሉ ዝግጅት ይበቃል፤ በሽታው እንዳይዛመት ቢላዋውን በእሳት መለብለብ እንደሚገባ ሰምቷል፤ ነገር ግን በአንዱ ተክልና በሌላው መካከል ሁሉ ነው ወይስ ሥራ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ? እኔ በሁሉ መካከል ነው አልሁት። እርሱ ግን ከባለሙያ አፍ ሊሰማው ይወዳል፤ መብቱም ነው።

ባለፈው ዓመት ስልኬ ተበላሽቶ ወደ ሶዶ ሄድሁ። ሰዎች ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ መሩኝ። ወጣቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። «ቲቸር!» አለኝ። ያ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ጫማ የሚጠርገው ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ በር ላይ እንደ ነበረ፣ የተጣሉ ስልኮችን በትንሽ ገንዘብ እየገዛ ሌሊት ሌሊት ይፈታቸው እንደ ነበረ፣ በኋላም ጠጋኙ ራሱ እንዳስጠጋው አጫወተኝ።

«ስንት ሰበርህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ብዙ ነው፣ ቲቸር» ብሎ ሳቀ።

ስልኬን ፈትቶ በትንሽ ብሩሽ እየጠረገ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «በዚያ ክፍል ካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት ግን ምን ዓይነት ኮምፒዩተሮች ነበሩ?» አለኝ። ልጁ ወቀሳ አላሰበም፤ የሙያው ነገር ሆኖበት ብቻ ነው የጠየቀኝ። ልመልስለት ብዬ አፌን ስከፍት አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ዓይነታቸውን እኔም አላውቅም። የማውቀው በሞዴሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥራቸውን ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርሁት። «አይ ቲቸር» አለና ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርስ ዋጋውን ሙሉውን አስከፈለኝ፤ ከውለታ ሁሉ ይልቅ ይህ ደስ አሰኘኝ።

ጡረታ ስወጣ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ሁለቱን ቁልፎች ከሌላው ንብረት ጋር ቈጥሬ፣ ተተኪዬን አስፈርሜ አስረክቤአለሁ። በኋላ ሌሎች አዳዲስ ኮምፒዩተሮች እንደ መጡላቸው ሰምቻለሁ። በሩ በዕረፍት ሰዓት ክፍት ይሁን ዝግ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ትምህርት ቤቱ ከቤቴ በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሄጄ አላየሁም።